ደመ ሞቃትነት፦ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? (የሚኒሞው ሂሳብ)

ፀሐይ_ሟቂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

በትምህርት ቤት የምንይዘው ትርጉም አጭር ነው፦ የሰውነቱ ሙቀት የማይለዋወጥ እንስሳ ደመ ሞቃት፣ እንደ አካባቢው ከፍ ዝቅ የሚል ደመ ቀዝቃዛ። ችግሩ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ከረጢት ውስጥ መክተቱ ነው። አንደኛው ሙቀቱ ከየት መጣ፣ ከውስጥ ወይስ ከፀሐይ የሚል ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ ጸንቶ ይቆያል ወይስ ይዋዥቃል የሚል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው የበረሃ ኢጓና ቀትር ላይ ሰውነቱ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሰው እዚያ ቢደርስ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት። ሆኖም "ደመ ቀዝቃዛ" የሚባለው እሱ ነው። የጥልቅ ባሕር ዓሣ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ጸንቶ ይኖራል፤ ደመ ሞቃት የሚለው ግን የለም።

ዋናው እንግዲህ ምንጩ ነው። አጥቢና ወፍ ተኝተውም ሙቀት ያመርታሉ። መኪና ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ ነዳጅ ሲበላ አስቡት። እኩል ክብደት ያላቸውን አጥቢና እንሽላሊት ሁለቱንም 37 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ብትለኩ የአጥቢው ሚኒሞ (ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያወጣው) ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። ሌሊት አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን እንሽላሊቱ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የሰውነት ኬሚስትሪ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ስለሚወርድ ልዩነቱ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል።

በማክስ ክላይበር ቀመር (70 ሲባዛ በኪሎ ክብደት 0.75ኛ ርቢ) 1 ኪሎ የሚመዝን አጥቢ ለዕረፍት ብቻ በቀን 70 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,700 ገደማ። በዱር ሲለካ ደግሞ አጥቢ ከእኩያው ተሳቢ 12 እጥፍ ያህል ያወጣል። እንሽላሊቱን ዓመት የሚያከርመው ቀለብ አጥቢውን አንድ ወር አይዘልቀውም ማለት ነው።

ታዲያ ተፈጥሯዊ ምርጫ ይህን ብክነት እንዴት አሳለፈው? "ሙቀት ስለሚጠቅም" የሚል መልስ አያጠግብም። ጸጉርና ላባ ሳይኖር ሚኒሞን ትንሽ ከፍ ማድረግ ገላን ከቁጥር በሚገባ መጠን አያሞቅም። በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አልበርት ቤኔትና ባልደረቦቹ የሳቫና ሞኒተር እንሽላሊቶችን በደንብ መግበው ለኩ። ምግብ ሲፈጭ የሰውነት ወጪ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ጨመረ፤ የሰውነት ሙቀቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ለሙቀት ተብሎ የተወሰደ አይመስልም። ለምን ተባለ ታዲያ?

እንስራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አነሳስህ ጥሩ ነው፤ ግን "ደመ" የሚለውም ከ"ሞቃት" ባልተናነሰ ያሳስታል። ደም ሙቀት ያጓጉዛል እንጂ አያመርትም። ሙቀቱ የት እንደሚሠራ ሳናይ "ለምን" ላይ ብንከራከር ጊዜ ማጥፋት ይሆናል።

እያንዳንዱ ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ሲገፋ ይውላል። ሽፋኑ ስለሚያፈስ የተገፋው ይመለሳል፤ ፓምፑ እንደገና ይገፋል። በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው፤ የባከነው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከአጥቢ የዕረፍት ወጪ 20 በመቶ ያህሉ ለዚህ ፓምፕ ይሄዳል። ሁለተኛው ቀዳዳ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ምድጃዎች) ላይ ነው። ፕሮቶኖች ኤቲፒን (የሕዋስን ነዳጅ) በሚያመርተው ተርባይን በኩል ማለፍ ሲገባቸው በጎን ሾልከው ይገባሉ፤ ይህም ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ይወስዳል።

በአውስትራሊያ ወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ፖል ኤልስና ቶኒ ኸልበርት በ1980ዎቹ ተመጣጣኝ መጠን ያላቸውን አጥቢና እንሽላሊት ጎን ለጎን መረመሩ። የአጥቢው ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብና አንጎል ይተልቃሉ፣ ማይቶኮንድሪያቸው ይበዛል፣ ሽፋናቸውም ይበልጥ ያፈሳል። አዲስ ማሽን አልተፈለሰፈም፤ ያው የእንሽላሊቱ ሞተር በዛ፣ ቀዳዳውም ሰፋ። ይህን ልብ በሉት፤ በኋላ ለክርክሩ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ሚኒሞ ነው። ብርድ ሲመጣ የሚጨመረው ሌላ ነው። አንዱ መንቀጥቀጥ ነው፦ ጡንቻ ሳይራመድ ይኮማተራል። ሁለተኛው ቡናማ ስብ ነው፦ ዩሲፒ1 የተባለ ፕሮቲን ፕሮቶኖቹን ሆን ብሎ በጎን ያሳልፋል፣ ኤቲፒ ሳይመረት ስቡ በቀጥታ ሙቀት ይሆናል። ሦስተኛው ሳርኮሊፒን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን የጡንቻን የካልሲየም ፓምፕ ያለ ውጤት እንዲሽከረከር ሲያደርገው ነው። ወፎች ቡናማ ስብም የዩሲፒ1 ጂንም የላቸውም፤ ሆኖም ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ይሞቃሉ፣ ከእኛ በላይ። ስለዚህ "ደመ ሞቃትነት በቡናማ ስብ ተጀመረ" የሚለውን ከወዲሁ ከጠረጴዛው ማንሳት ይቻላል።

ጉልቤ_እግር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

"ለምን" ለሚለው ብዙ የተጠቀሰው መልስ የቤኔትና የጆን ሩበን ነው፤ በ1979 የወጣ። ሐሳቡ ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ትንፋሽ ነው። እንሽላሊት ለጥቂት ሰከንዶች እንደ መብረቅ ይሮጣል፣ ከዚያ ላክቲክ አሲድ ጡንቻውን ሞልቶት ይተኛል። አጥቢ ደግሞ በኦክሲጅን እየሠራ ለረጅም ጊዜ ይሮጣል። በሁለቱም ወገን ከፍተኛው የኦክሲጅን ፍጆታ የዕረፍቱን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ገደማ ነው። ጣሪያው ከወለሉ ጋር የታሰረ ከሆነ ጣሪያውን ለሩጫ ያነሣ ወለሉንም ሳይፈልግ አነሣ፤ ሙቀቱ ተረፈ ምርት ነው።

እንስራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እዚህ ላይ ነው "ልብ በሉት" ያልኩት። ጣሪያው የጡንቻ ነው፤ ሲሮጡ ከሚቃጠለው አብዛኛው ጡንቻ ውስጥ ነው። ወለሉ ግን የጉበት፣ የኩላሊት፣ የልብና የአንጎል ነው። በሰው እነዚህ አራቱ ከክብደቱ 6 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ ከዕረፍት ወጪው 60 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። እግሩን ለሩጫ ያሠለጠነ ጉበቱ ለምን ይቃጠላል? ሁለቱ የታሰሩበትን ገመድ ማሳየት የእናንተ ዕዳ ነው። በላብራቶሪ አይጦችን ለብዙ ትውልድ ለከፍተኛ የኦክሲጅን ፍጆታ እየመረጡ በማራባት ተሞክሯል፤ አንዳንዱ ሙከራ ላይ ወለሉ አብሮ ከፍ አለ፣ አንዳንዱ ላይ አላለም።

ጉልቤ_እግር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ገመዱ ሽፋኑ ሊሆን ይችላል። የሽፋኑን ስብ ፈጣን የሚያደርግ ለውጥ በጡንቻ ብቻ አይወሰንም፣ ሁሉም ሕዋስ ላይ ይታያል። ግን "ሊሆን ይችላል" ነው፤ ዕዳው እንዳለ እቀበላለሁ።

ጎጆ_ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጉበትና ኩላሊት ከተነሣ የኮሊን ፋርመርና የፓወል ኮቴያ ሐሳብ ይበልጥ ይገጥማል፤ ሁለቱም በ2000 ለየብቻ ያወጡት ነው። መነሻው ልጅ ማሳደግ ነው። እናት እንቁላሏን ወይም ጽንሷን በሙቀት ከያዘች ልጁ ቶሎና ሳይዛነፍ ያድጋል። ከተፈለፈለ በኋላም ለእሱ የሚሆን ምግብ ሰብስቦ፣ ፈጭቶ፣ ወተት ወይም ሌላ ቀለብ አድርጎ ማቅረብ አለ፤ ይህ ደግሞ የጉበት፣ የአንጀትና የኩላሊት ሥራ ነው።

ሙቀቱ ለወቅት ብቻ መጀመር እንደሚችል የሚያሳዩ ሕያው ምሳሌዎች አሉ። የበርማ ዘንዶ እንቁላሏን ተጠምጥማ ጡንቻዋን እያርገፈገፈች ታሞቃለች፤ ከአካባቢዋ በብዙ ዲግሪ ትበልጣለች። የደቡብ አፍሪካዋ ዘንዶ ግን አትንቀጠቀጥም፤ ቆዳዋ ጠቁሮ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ሞቃ ትመለስና ትጠመጠማለች። አንድ ችግር፣ ሁለት መፍትሔ። በጣም የሚገርመው በ2016 ግሌን ታተርሳልና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው፦ ጥቁርና ነጩ የደቡብ አሜሪካ ቴጉ እንሽላሊት በእርባታ ወቅት ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ፀሐይ በሌለበት ከጉድጓዱ እስከ 10 ዲግሪ ይሞቃል። ከወቅቱ ውጭ ተራ እንሽላሊት ነው።

ቴጉው ያን የሚያደርገው ያለ ጸጉር ነው፤ ሚስጥሩ መጠኑ (ብዙ ኪሎ የሚመዝን ነው) እና ጉድጓዱ ነው። የሳቫናው ሞኒተር ሙከራ የዘጋውን በር ጉድጓድና ሰፊ ገላ መልሰው ይከፍቱታል።

ፀሐይ_ሟቂ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ልክ ነህ፣ የኔ ማስረጃ ከጎጆ ውጭ ላለ እንስሳ ነው። ግን ቴጉው ላይ ወንዱም ይሞቃል፤ እንቁላል አይታቀፍም። ስለዚህ የእናትነት ማስረጃ ነው ብሎ በቀጥታ መውሰድ ያስቸግራል።

ጎጆ_ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡52

ትክክል። ሙቀቱ ከእርባታ ወቅቱና ከወቅቱ ሆርሞን ጋር መያያዙን ነው የሚያሳየው፣ ዓላማውን አይደለም።

ቅሪተ_አጥንት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

ሕያዋን ላይ ብዙ ቆያችሁ፤ ድንጋዩስ ምን ይላል?

የአጥቢና የወፍ የዘር ሐረግ የተለያየው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በመካከላቸው ያሉት ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ እባብና አዞ ደመ ቀዝቃዛ ናቸው። ስለዚህ የተለመደው ንባብ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ደረሱበት የሚል ነው። (አዞ ባለ አራት ክፍል ልብ ስላለው "ከሞቀ ወደ ቀዘቀዘ የተመለሰ ነው" የሚሉ አሉ፤ ሮጀር ሲሞር በ2004 የተከራከረበት ነው። በጭራሽ የማይረባ ሐሳብ አይደለም።)

ሙቀት ድንጋይ ሆኖ አይቀርም፤ ጥላውን ነው የምንፈልገው።

አፍንጫ። በአጥቢ አፍንጫ ውስጥ እንደ ጥቅልል ወረቀት የተጠመዘዙ ስስ አጥንቶች አሉ። አብዝቶ የሚተነፍስ እንስሳ በትንፋሹ ውሃና ሙቀት ያጣል፤ ጥቅልሎቹ የሚወጣውን አየር አቀዝቅዘው ውሃውን ያስቀራሉ። ችግሩ አጥንቶቹ ስለሚሰበሩ ወይም ገና ልም አጥንት ስለነበሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተጣበቁበት ሸንተረር ብቻ መሆኑ ነው። ሸንተረሩ ለሽታ ይሁን ለትንፋሽ መለየትም አስቸጋሪ ነው።

ጆሮ። ይህ አዲስ ነው፤ በ2022 ሪካርዶ አራውዦና ባልደረቦቹ በ"ኔቸር" መጽሔት ያወጡት። የውስጥ ጆሮ ከፊል ክብ ቱቦዎች ራስ ሲዞር ፈሳሽ በመንቀሳቀስ ይሠራሉ። ገላ ሲሞቅ ፈሳሹ ይቀጥናል፤ ዘይት ሲሞቅ እንደሚቀጥነው። ቱቦው በነበረበት ቅርጽ ከቀረ ሚዛኑ ይዛባል፣ ስለዚህ መጠኑ ከገላው አንጻር ማነስና መቅጠን ነበረበት። ቅሪቶቹን ለክተው ለውጡ ከ233 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ በኋለኛው ትሪያሲክ ዘመን፣ በጂኦሎጂ ሰዓት ሲታይ ባጭር ጊዜ የመጣ ነው አሉ።

ጥርስ ግን ሌላ ይናገራል። በ2020 ኤሊስ ኒውሃምና ባልደረቦቹ ሞርጋኑኮዶን የተባለውን፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የኖረ አይጥ አከል ጥንታዊ አጥቢ፣ የጥርስ ሥር ቀለበቶች እንደ ዛፍ ግንድ ቆጠሩ። እስከ 14 ዓመት ኖሯል። ዛሬ ያን የሚያህል አጥቢ ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ዓመት አይዘልም። ረጅም ዕድሜ በትንሽ ገላ የቀዝቃዛ ሚኒሞ ምልክት ነው።

ጆሮው "ሞቋል" ይላል፣ ጥርሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በኋላ "ገና ነው" ይላል። የኔ አመለካከት ሁለቱም ሊያስማማ የሚችል ነው፦ ጆሮ የሚመዘግበው በእንቅስቃሴ ጊዜ ያለውን የገላ ሙቀት ነው፣ ዕድሜ ግን የዕረፍት ወጪን ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚጠፋ ሞተር ሁለቱን ምልክት ይተዋል።

ዳይኖሰሮች ላይ አልገባም፤ ለብቻው ሌላ የውይይት ክር ይፈልጋል። በ2011 ሮበርት ኢግልና ባልደረቦቹ በሳውሮፖድ (ባለ ረጅም አንገት ግዙፍ ዳይኖሰር) ጥርስ ውስጥ ያሉ ኢዞቶፖችን (የአንድ ንጥረ ነገር የተለያየ ክብደት ያላቸው አቶሞችን) ለክተው ከ36 እስከ 38 ዲግሪ አግኝተዋል፤ ግን ያን የሚያህል ተራራ በሚኒሞ ሳይሆን በግዝፈቱ ብቻም ሙቀት ይይዛል።

ወፍ_ዘራሽ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡12

ቀን የሚበራና ሌሊት የሚጠፋ ሞተር ዛሬም አለ። ሀሚንግበርድ ሌሊት ቶርፐር (ገላ ቀዝቅዞ ሥራው የሚቀንስበት ድንዛዜ) ውስጥ ትገባለች፤ በፔሩ አንዲስ አንዷ ዝርያ 3.3 ዲግሪ ላይ ተለክታ ጠዋት በርራለች። የአርክቲክ መሬት ሽኮኮ (የኛው የአለት ሽኮኮ አይደለም፣ ስሙ ተመሳሰለ እንጂ) በክረምት እንቅልፉ ሆዱ እስከ 2.9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወርዶ ደሙ በረዶ ሳይሠራ ይቆያል። ባሪ ላቭግሮቭ ከሚከራከሩት አንዱ ነው፦ ቶርፐር በኋላ የተፈለሰፈ ብልሃት ሳይሆን የጥንቱ ልማድ ነው ይላል። የማዳጋስካሩ ቴንሬክ (ጃርት መሰል ትንሽ አጥቢ) እስከ 9 ወር ይተኛል፣ ኤኪድና (እንቁላል የምትጥል አጥቢ) ነቅታም 32 ዲግሪ ገደማ ናት።

የአዋሽ_ሳላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ሁላችሁም ብርድ ላይ ናችሁ። ሙቀትን መቆጣጠር ማለት ግማሹ መቀዝቀዝ ነው።

የግመል ሥራ መጀመሪያ በትክክል የተለካው በክኑት ሽሚት-ኒልሰን በ1950ዎቹ ሰሃራ ውስጥ ነው። ውሃ የጠጣ ግመል የሰውነት ሙቀቱ በቀን በ2 ዲግሪ ያህል ብቻ ይለዋወጣል። ውሃ ሲያጣ ግን ጠዋት ወደ 34 ያወርደዋል፣ ከሰዓት ከ40 በላይ ይለቀዋል። 500 ኪሎ ግመል 6 ዲግሪ ሲሞቅ 3,000 ኪሎ ካሎሪ በሰውነቱ ውስጥ አከማቸ ማለት ነው። ያን በላብ ለማውጣት 5 ሊትር ውሃ ያስፈልገው ነበር። ሌሊት ያለ ምንም ውሃ ለበረሃው አየር ይመልሰዋል። ሁለተኛ ጥቅም አለው፦ ገላው ሲሞቅ ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ስለሚጠብ ከውጭ የሚገባው ሙቀትም ይቀንሳል። ጸጉሩም የሚጠቅመው ለብርድ ብቻ አይደለም፤ የተሸለተ ግመል ካልተሸለተው ወደ 50 በመቶ የበለጠ ውሃ በላብ አጥቷል። ከሶማሊ ክልልና ከአፋር ቆላ አርቢ ጋር ስለ ሽልት የሚያወራ ባለሙያ ይህን ይያዝ።

ሳላም (ኦሪክስ) እንደዚሁ። ቻርልስ ሪቻርድ ቴይለር ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በሙቀት ክፍል ሲለካ ሳላ 45 ዲግሪ ደርሶ ቆመ። አንጎሉ እንዳይበስል የሚጠብቀው ከአንጎል ሥር ያለ የደም ሥር መረብ ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጣው ሞቃት ደም ከአፍንጫ በሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም መካከል ያልፋል።

እንስራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡33

ሁለት እርማት፣ በትሕትና። አንደኛ፣ ሥጋን እንደ ንጹሕ ውሃ ወስደኸዋል። የሰውነት የሙቀት አቅም በኪሎ በዲግሪ 0.83 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ 500 ሲባዛ 0.83 ሲባዛ 6፣ 2,490 ይሆናል። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳል፣ ስለዚህ 4.3 ሊትር ነው። ለግመል ያው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ "አንጎል እንዳይበስል" የሚለው አርጅቷል። ነጻ በሚኖሩ እንስሳት ላይ መለኪያ ተተክሎ ሲታይ፣ በሚሮጡበትና በጣም በሚሞቁበት ጊዜ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ የሚበራው ብዙ ጊዜ ተረጋግተው ሲያርፉ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ሃይፖታላመስ፣ ራሱ አንጎል ውስጥ ስለሆነ፣ አንጎል ሲቀዘቅዝ "ሞቆናል፣ አልቡ፣ አለክልኩ" የሚለው ትእዛዝ ይላላል። መረቡ ውሃ ቆጣቢ ነው።

የአዋሽ_ሳላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡41

4.3 ይሁን፤ ሁለተኛውንም ተቀብያለሁ።

ጫጩት_ቤት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

በሚሊዮኖች ዓመታት የተሄደውን መንገድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ጫጩት ይይ። የአንድ ቀን ጫጩት ደመ ሞቃት ለመሆን ሁሉም ክፍል አለው፣ ግን ላባው ገና ስስ ጭገር ነው፣ ጡንቻው ትንሽ ነው፣ ስፋቱም ከክብደቱ አንጻር ትልቅ ነው። ብቻውን በ20 ዲግሪ ክፍል ቢተው እንደ እንሽላሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ እስከ 21 ይወርዳል።

ቴርሞሜትሩን ከጫጩቱ ጀርባ ቁመት እንጂ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ከሱም በላይ ጫጩቱን ተመልከቱ። መብራቱ ሥር ተከምረው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገድላቸው ብርዱ ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን የታችኞቹ በላያቸው በወጡት ታፍነው ነው የሚሞቱት። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከመብራቱ ከራቁ ሞቋቸዋል። ወደ አንድ ጥግ ብቻ ከሸሹ ነፋስ ይገባል።

መብራት በሌለበት የጭድ ሳጥን አለ፤ በኢትዮጵያ ገጠር የተሞከረ ነው። ዙሪያውንና ላዩን ደረቅ ጭድ ይታጨቅበታል፣ የውጭ ምድጃ የለውም፣ የሚያሞቃቸው የራሳቸው ሚኒሞ ነው። በ"ሽፋን ከሌለ ሚኒሞ ከንቱ ነው" እና በ"ሽፋን ካለ ትንሿም ትበቃለች" መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ሳጥን ውስጥ ይታያል። የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ ቁጥራቸው ሲያንስ ሙቀቱ አይጠራቀምም፤ ጭዱ ሲረጥብ አየር የያዘው ክፍተት በውሃ ይሞላና ሙቀት ያሳልፋል፤ የአየር መውጫ ከሌለ ደግሞ እርጥበትና አሞኒያ ይታመቃል።

አሳማ ይጨመር። የአሳማ ዘር ዩሲፒ1ን ያጣው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ጂኑ ተቆርጦ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል። የአሳማ ግልገል ያለው መንቀጥቀጥ ነው፣ በዚያ ላይ ጸጉሩ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ሳር እየሰበሰበች ጎጆ የምትሠራው፤ ላም ያን አታደርግም።

ብርድ_ብርድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ለምን 37? ለምን 25 አይሆንም? ከወጪው አንጻር 25 ይረክሳል።

አንዱ መልስ ውሃ ነው። ሙቀት በራሱ የሚፈስሰው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። ገላህ ከአየሩ ከበለጠ የተረፈህን ሙቀት በነጻ ታወጣለህ። ገላህ 25 አየሩ 30 ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ በላብ ብቻ መክፈል አለብህ። ስለዚህ ቅንብሩ በአብዛኛው ጊዜ ከአካባቢው በላይ፣ ፕሮቲን መበላሸት ከሚጀምርበት ግን በታች ተቀመጠ።

ሌላው መልስ ፈንገስ ነው። ቪንሰንት ሮበርትና አርቱሮ ካሳደቫል በ2009 እንዳሳዩት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ በእያንዳንዷ ተጨማሪ ዲግሪ 6 በመቶ ያህል የፈንገስ ዝርያዎች ማደግ ያቅታቸዋል። ለዚህ ነው እንቁራሪትን የሚጨርሰው የፈንገስ ወረርሽኝ እኛን የማያገኘን። ከሁሉ የሚያሳምነው የሌሊት ወፍ ነው። ከ2006 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ዋሻዎች ታይቶ የተስፋፋው ነጭ አፍንጫ የተባለ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ከ20 ዲግሪ በላይ አያድግም። የነቃችውን የሌሊት ወፍ አይነካትም፣ በክረምት እንቅልፍ ቀዝቅዛ የተኛችውን ግን ይገድላታል። ያው እንስሳ፣ ሙቀቱ ሲጠፋ በሩ ተከፈተ።

ትኩሳትም ከደመ ሞቃትነት ይልቅ ያረጀ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ የበረሃ ኢጓናን በባክቴሪያ ሲያስይዙት ከመብራቱ ሥር ወደ ሞቀው ቦታ ሄዶ ገላውን ከወትሮው በላይ አሞቀ። በዝቅተኛ ሙቀት ታግደው የቆዩት በብዛት ሞቱ። እኛ "ብርድ ብርድ አለኝ" የምንለው ያ ነው፦ ሃይፖታላመስ ቅንብሩን ወደ 39 ሲያነሣው 37 ያለው ገላ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማናል፣ ስለዚህ እንንቀጠቀጣለን፣ ጋቢ እንፈልጋለን። ሲያልበን ደግሞ ቅንብሩ ወርዷል ማለት ነው። እንሽላሊቱ ጋቢ የለውም፤ መብራቱ ሥር ይሄዳል።

ፀሐይ_ሟቂ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡02

ፈንገሱ ሙቀቱ ለምን እንዳልጠፋ ይነግረናል፣ ለምን እንደተጀመረ ግን አይደለም። 28 ዲግሪ ላይ የደረሰ የመጀመሪያ እንስሳ ከዚህ ጥበቃ ብዙም አላገኘም።

ብርድ_ብርድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

እስማማለሁ። አስጀማሪውና አስቀጣዩ አንድ መሆን የለባቸውም።

ቱና_በዘይት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡40

ዓሣ ረሳችሁ። ውሃ ውስጥ መሞቅ ከባድ የሆነው በስንጥብ (ዓሣ በሚተነፍስበት ክፍል) ምክንያት ነው፤ ኦክሲጅን የሚገባበት ስስ ሽፋን ሙቀት የሚወጣበትም ነው። ደሙ ሁሉ በየዙሩ ከባሕሩ ጋር ይስተካከላል። ቱና ከሚዋኝበት ጡንቻ የሚመለሰውን ሞቃት ደም ከስንጥብ ከሚመጣው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ በብዙ ቀጫጭን ቧንቧ ያሳልፈዋል፤ ሙቀቱ ስንጥብ ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ጡንቻው ይገባል። ያው የሳላ አንጎል መረብ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። ኦፓህ የተባለው ዓሣ መረቡን ስንጥቡ ውስጥ አስገብቶ ልቡን ጭምር ከውሃው 5 ዲግሪ ያህል ያሞቃል፤ በ2015 ኒኮላስ ዌግነርና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። ሰይፍ ዓሣ ደግሞ ዓይኑንና አንጎሉን ብቻ ያሞቃል፤ ምድጃው ከዓይን ጡንቻ የተሠራ ነው።

ሚኒሞ ብቻ ስትሉ የምትዘነጉት ይህን ነው። ቱና እንደ አጥቢ ጉበቱን አላቃጠለም፤ የሥራውን ሙቀት ነው እንዳያመልጥ የያዘው።

ፍልፈል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

በተቃራኒው መንገድ የሄደ አጥቢ አገራችን ውስጥ አለ። ራቁቱ ፍልፈል በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች ይኖራል፤ ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 የመዘገበው ከሸዋ በተወሰደ ናሙና ነው። ጸጉር የለውም፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት ነው፣ ሚኒሞውም ከሌላው አጥቢ ዝቅ ያለ ነው። ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሙቀቱ የክፍሉን ተከትሎ ይወርዳል፣ እንደ እንሽላሊት። ግን እንሽላሊት አልሆነም፤ ዩሲፒ1ም ቡናማ ስብም አለው። ዋሻው ቀንም ሌሊትም ከ30 ዲግሪ ብዙ ስለማይርቅ መቆጣጠሪያው ሥራ አጣ። ሲበርደው ከመሰሎቹ ጋር ተቆላልፎ ይተኛል፣ ወይም ፀሐይ ያሞቀው ላይኛው ዋሻ ድረስ ይወጣል።

ለመነሻው ጥያቄ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ክፍሎቹ ተነጣጥለው ይጠፋሉ። ጸጉሩ ሲሄድ ቡናማ ስቡ አልጠፋም፤ አሳማ ላይ ቡናማ ስቡ ሲሄድ ሚኒሞው አልጠፋም። ተነጣጥለው መጥፋት ከቻሉ ተነጣጥለው መምጣታቸውም አይገርምም፤ ጎጆው አንዱን፣ ሩጫው ሌላውን፣ ቅዝቃዜው ሦስተኛውን።

ወፍ_ዘራሽ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡35

የኛው የአለት ሽኮኮስ? ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ የሚሞቀው ለምንድን ነው? ጸጉርም አለው፣ አጥቢም ነው።

ፍልፈል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡58

ሚኒሞው ለክብደቱ ከሚጠበቀው በታች ስለሆነ ሌሊት በአለት ስንጥቅ ውስጥ ተጠጋግቶ ሙቀቱን ትንሽ ይለቀዋል። ጠዋት ያን የጎደለውን በሣር መመለስ ይችላል፣ ግን ሣሩ ወይም ቅጠሉ ያለው ከድንጋዩ ራቅ ብሎ፣ ንስር በሚያይበት ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይዋ ግን እዚያው ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ ትመጣለታለች።